ደጅ የሌላት ከተማ

ዉድበሪ ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ፣ ዋሽንግተን ካውንቲ ውስጥ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 75,102 ነዋሪ የተመዘገበባት ከተማ ናት። ትልቁ ኩራቷ ፓርኮቿ ናቸው። በሺህ የሚቆጠር ኤከር የፓርክ መሬት፣ ከ100 ማይል በላይ የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ ኮልቢ፣ ካርቨርና ፓወርስ የሚባሉ ሐይቆች አሏት። በሚኒሶታ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሚኒያፖሊስ ኪራይ ቤት ወጥቶ ዉድበሪ ቤት ሲገዛ ዘመድ ወዳጅ «አለፈለት» ይላል። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ሣሩ ዓይን ያሳርፋል። ከተማዋ የጎደላት አንድ ነገር ነው። ደጅ የላትም።

ደጅ በአማርኛ በር ማለት ብቻ አይደለም። ከበሩ ወዲያ፣ ከመንገዱ ወዲህ ያለው፣ የቤቱም የመንገዱም የሆነው ቦታ ነው። እህል የሚሰጣው፣ ልጅ ሲጫወት በዓይን የሚጠበቀው፣ አላፊ አግዳሚው «እንደምን አደራችሁ» ብሎ የሚያልፈው እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ደጀ ሰላም አላት፤ ከቅዳሴ በኋላ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቀረ የሚጠያየቁበት። ደጅ የሚጠና ባለጉዳይም ቢሆን ብቻውን አይጠናም፤ ከሌላው ደጅ ጠኚ ጋር ሲያወራ ይውላል።

የዉድበሪ ቤት ግን ፊቱ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ጠዋት ከወጥ ቤት በቀጥታ ጋራዥ ይገባል፤ በሩ በሪሞት ይከፈታል፤ መኪናው ይወጣል፤ በሩ ይዘጋል። ማታም እንዲሁ ነው። የፊት ለፊቱ በር ዕቃ አድራሾች ካርቶን የሚያስቀምጡበት ሆኖ ቀርቷል። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚለየው በመኪናው ቀለም ነው፤ ሰላምታ የሚለዋወጡትም በረዶ ሲጠርጉ እጅ በማወዛወዝ ነው።

አሁን ከደሴ ወይም ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ልጃቸው ያስመጣቸውን አንዲት እናት እናስብ። ልጅና ምራት ሥራ፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ትልቁ ቤት ለእሳቸው ብቻ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ያወራል። ሐኪም ዘንድ ሲወሰዱ ስኳርና ደም ግፊት ይገኝባቸዋል። ምክሩ በየትኛውም ክሊኒክ አንድ ነው፤ «በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይራመዱ።» የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እናት ምክሩን ሰምተው፣ ልጃቸው እስኪተረጉምላቸው ጠብቀው፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ወዴት?»

ሐኪሙ ጥያቄውን እንደ ቀልድ ሊያልፈው ይችላል። ከተማዋን የነደፉት ሰዎች ግን መልስ ሊኖራቸው በተገባ ነበር። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ በእግራቸው ሲሄዱ የኖሩ ናቸው። ወደ ቅዳሴ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ እድር፣ አራስ ወደ መጠየቅ ሄደዋል። «ለመራመድ» ብለው ተራምደው አያውቁም፤ እግራቸው የሚንቀሳቀሰው አንድ ሰው ጋ ለመድረስ ነው። አማርኛ መንሸራሸር የሚል ቃል አለው፤ ሽርሽርም ግን አብሮ የሚወጡት፣ አብሮ የሚቀመጡት ነው። የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ በቦድሌር ዘመን ያነገሠው ብቸኛ ተንሸራሻሪ እንኳ በሕዝብ መካከል ነበር ብቻውን የሚዞረው፤ ሕዝቡ ባይኖር የሚያየውም የሚጽፈውም ባልኖረው ነበር። የዉድበሪ መንገድ ሰውን ብቻውን አስወጥቶ፣ ማንንም ሳያገኝ፣ ዞሮ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

የከተማዋ ተሟጋቾች ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ይህን ያህል ማይል፣ ይህን ያህል ኤከር፣ ይህን ያህል የመጫወቻ ስፍራ ይላሉ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚለካው ግን ለስፖርት ልብስ ቀይሮ፣ ሰዓቱ ላይ እርምጃውን እየቆጠረ የሚሮጠውን ሰው ፍላጎት ነው። ለዚያ ሰው ዉድበሪ ገነት ናት። ለሽማግሌ፣ ለአራስ፣ መኪና ለማይነዳ፣ እንግሊዝኛ ለማይችል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ግን 100 ማይል መንገድ በየት በኩል ይጠቅማል? እንጀራ ወይም ወተት ለመግዛት መኪና ያስፈልጋል። ታማራክ ቪሌጅን የመሰለ የገበያ ማዕከል ስሙ መንደር ቢሆንም መንደር አይደለም፤ ከሱቅ ሱቅ ለመድረስ የመኪና ማቆሚያውን ሜዳ ማቋረጥ ይጠይቃል። እንደ አብዛኛው የአሜሪካ ሰበርብ የመሬት አጠቃቀሙ መኖሪያን ከሱቅ፣ ሱቅን ከሥራ ቦታ ለይቶ ያስቀመጠ ነው። በመኖሪያ ሰፈር ማዕዘን ላይ አራት ወንበር ያላት ቡና ቤት አለመኖሯ የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ደንቡ ነው የከለከላት። ደጅ በሕግ ተከልክሏል ማለት ይቻላል።

አረንጓዴ መሆን ጤነኛ መሆን እንዳልሆነ ከዉድበሪ የበለጠ ማወቅ የሚገባው ከተማም ያለ አይመስልም። ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ በምሥራቁ ሜትሮ ከቀበራቸው ኬሚካሎች የተነሣ ፒፋስ የሚባሉት፣ በተፈጥሮ በቀላሉ የማይበሰብሱ ቅመሞች የከርሰ ምድሩን ውሃ በክለዋል፤ ከቆሻሻ መጣያዎቹ አንዱ ዉድበሪ ውስጥ ነበር። የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያውን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ክሱ በ850 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ከተማዋ በመጀመሪያ ጊዜያዊ ማጣሪያ ተከለች፤ ቀጥሎ ወደ ትልቅ ቋሚ ማጣሪያ ግንባታ ገባች። በዚያው ጊዜ ግን በበጋው ወራት የውሃ ፍጆታዋን ሽቅብ የሚሰቅለው የሣር ማጠጫው ነው። ከላይ ለምለም፣ ከሥር የተበከለ፤ ለምለሙን ለማቆየት ደግሞ ከሥሩ መቅዳት። ጤናን በዓይን የሚመዝን ነዳፊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዓይን የማያየው ሌላው በሽታ ብቸኝነት ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጡት ማሳሰቢያ ከሰው መለየት ያለጊዜ የመሞትን ዕድል ሲጋራ የማጨስን ያህል፣ በቀን እስከ 15 ሲጋራ የማጨስን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አስጠንቅቀዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለው ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ቺካጎን የመታውን፣ ከ700 በላይ ሰው የገደለውን ሙቀት አጥንቶ ነበር። ሁለት ተጎራባች ሰፈሮችን አነጻጸረ፤ ሰሜን ሎንዴልና ደቡብ ሎንዴል። በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ድኻ አረጋውያን በርካታ ነበሩ፤ ሙቀቱም አንድ ነበር። በሰሜኑ ግን የሞት መጠኑ ከደቡቡ 10 እጥፍ ያህል ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው መንገዱ ነው። በደቡቡ ሱቁ ክፍት ነበር፣ ጎዳናው ሰው ነበረው፤ ሽማግሌው ሲሞቀው ወጥቶ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ካልወጣም «የት ቀሩ?» የሚል ይኖራል። በሰሜኑ ሱቁ ተዘግቶ፣ መሬቱ ጠፍ ሆኖ፣ ሰው በሩን ቆልፎ ተቀምጦ ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ተረት ቺካጎ በአስከሬን ቆጥራ አረጋገጠችው።

ዉድበሪ ሰሜን ሎንዴል አይደለችም፤ ሀብታም ናት፣ ሰላም ናት፣ ማቀዝቀዣውም ማሞቂያውም ይሠራል። በራቸውን ዘግተው የተቀመጡት እናት ግን «የት ቀሩ?» የሚላቸው ጎረቤት የላቸውም። ሀብት በዚህ ረገድ ያደረገው ነገር ቢኖር ዝምታውን ማሳመር ነው።

«ብርዱስ?» የሚል መከራከሪያ አለ። በሚኒሶታ ክረምት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ማን ደጅ ይቀመጣል? ጥያቄው እውነት አለው፤ መልሱ ግን ከዚያው ከመንትያ ከተሞቹ አልጠፋም። ቪክቶር ግሩን የተባለው፣ ናዚን ሸሽቶ ከቪየና የተሰደደ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1956 ኢዳይና ውስጥ ሳውዝዴልን ሠራ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ሙሉ ለሙሉ ጣሪያ የለበሰ፣ ሙቀቱ የሚቆጣጠሩት ሞል እርሱ ነው። ስደተኛው ግሩን ሊያመጣ የፈለገው የቪየናን አደባባይ ነበር፤ በዙሪያው መኖሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ መናፈሻ እንዲኖር አቅዶ ነበር። የተሠራለት ግን ሱቁና በዙሪያው ያለው የመኪና ማቆሚያ ባሕር ብቻ ነው። ግሩን ኋላ ወደ ቪየና ተመለሰ፤ በአሜሪካ የተባዙትን ሞሎች ልጆቼ አይደሉም ብሎ ካዳቸው። ዛሬ የእኛ ሽማግሌዎች በክረምት «ወክ» ለማድረግ ሞል ሲወሰዱ የሚዞሩት አንድ ስደተኛ ለሌላ ዓላማ ባሰበው፣ ነጋዴ በወሰደው አደባባይ ውስጥ ነው።

ዉድበሪ ራሷ ደግሞ ሳታስበው መልሱን ሠርታዋለች። ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ቤት ውስጥ ያለ መናፈሻ ነው። ዛፍ፣ ውሃና መቀመጫ ነበረው፤ ከስታፎርድ ቤተ መጻሕፍት ጋር ተያይዞ ነበር። እዚያ መግባት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስፖርት መሥራት አይጠይቅም፣ ምንም መግዛት አይጠይቅም ነበር። እናት ልጇን ታጫውት፣ ሽማግሌው ጋዜጣ ይዞ ይቀመጥ ነበር። በመቶ ማይል መንገድ ያልተገኘው ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር ተገኘ። ታዲያ ለምን አንድ ብቻ ሆነ? በየሰፈሩ ትንንሽ ቢኖሩ፣ በእግር ቢደረስባቸው፣ በጀት ሲያዝ ከስፖርት ሜዳ እኩል ቢቆጠሩ ምን ይከፋ ነበር? ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ በደቡብ ሚኒያፖሊስ ሶማሌዎች የሚነግዱበት ካርመል ሞል ሻይ ተጠጥቶ ሲወራ የሚዋልበት፣ ከመንገድ ይልቅ ደጅ የሚመስል ቦታ ነው። ከተማው ያልሰጣቸውን ደጅ በገበያ ስም ለራሳቸው ሠሩ። ኢትዮጵያውያን በበኩላቸው በሬስቶራንትና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተወስነው ቀርተዋል፤ ወደ ሁለቱም ለመሄድ ግን ከዉድበሪ መኪና ያስፈልጋል።

የስደተኛ ሥነ ጽሑፍም ይህንኑ ይመሰክራል። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የሚካሄደው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሎጋን ሰርክል በሚባለው አደባባይ ዙሪያ ነው። ሴፋ ስጢፋኖስ የተባለው ባለታሪክ የምትከስር ትንሽ ሱቅ አለችው። ሱቋ እንደ ንግድ አልሆነችም፤ እንደ ደጅ ግን ሠርታለች። ከኮንጎና ከኬንያ የመጡት ሁለት ወዳጆቹ እዚያ ይመጣሉ፣ ስለ አፍሪካ መፈንቅለ መንግሥታት እየተፈታተኑ ይጫወታሉ፤ አዲሲቷ ጎረቤትና ሴት ልጇ የሚገቡትም በዚያች በር ነው። ሱቋና አደባባዩ ባይኖሩ ልብ ወለዱ አይኖርም ነበር። ሴፋ ዉድበሪ ቢኖር ኖሮ ማን በሩን ይከፍት ነበር? ታሪክ የሚፈጠርበት ቦታና ጤና የሚገኝበት ቦታ አንድ ነው፤ ሁለቱም ያልታሰበ ሰው መምጣት ይፈልጋሉ።

ነገሩ የሚኒሶታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላስቆጨ ነበር። የሚያስቆጨው ዉድበሪ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ እየተሠራች መሆኗ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ሣር፣ ፏፏቴና መብራት አምጥቷል። ዶሮ ማነቂያ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተልኳል። የማታውን መብራት የሚያሳዩት ቪዲዮዎች በዲያስፖራው ስልክ ከእጅ እጅ ይዞራሉ፤ ከሥራቸው የሚጻፈው አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፤ «ዱባይን መሰለች!» ይህን የሚጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ እናቱ ዉድበሪ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የተቀመጡበት ሰው ነው። ሣር አይቶ መደሰት ለምዷል፤ ሣሩ ማንን እንዳስነሣ መጠየቅ ግን አልለመደም።

ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የድሮው ሰፈር በናፍቆት እንደሚነገረው ገነት አልነበረም። የጋራ መጸዳጃው፣ ክፍቱ ቱቦ፣ በወንዙ የሚለቀቀው ፍሳሽ ሕፃናትን አሳምሟል። ጎረቤት ይጠብቃል፤ ይሰልላልም፤ ያማልም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚና ጋሪ ለምትገፋ እናት እፎይታ ነው፤ ማታ ማታ አራት ኪሎና ፒያሳ መቀመጫዎቹ ላይ የሚሰበሰበው ወጣትም ሐሰት አይደለም፤ ከተማው ምን ያህል መቀመጫ ተጠምቶ እንደነበር ያሳያል። ይህን የሚክድ ተቺ አይደመጥም፤ መደመጥም አይገባውም።

ጥያቄው ግን መንገዱ ይሠራ ወይስ አይሠራ አይደለም። ለማን ይሠራ የሚለው ነው። ቱቦ ለመቅበር ሰው መንቀል ግዴታ አይደለም። መጸዳጃ ለመሥራት እድር መበተን ግዴታ አይደለም። ሚንዲ ፉሊላቭ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ የፈረሱ ሰፈሮች ነዋሪዎች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሰየሙት ከአትክልተኛ ቋንቋ በተዋሱት ቃል ነው፤ ተነቅሎ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ላይ በሚደርሰው ድንጋጤ። በየክረምቱ ችግኝ በሚሊዮን የሚተክል አገር ይህን ለመረዳት መቸገር አልነበረበትም። ችግኝ እንኳ ከነአፈሩ ነው የሚነሣው። ሰው ከነእድሩ፣ ከነእቁቡ፣ ከነማኅበሩ፣ በዱቤ ከሚሰጠው ባለሱቅ፣ ሌሊት ከሚያንኳኳበት ጎረቤት ጋር ነው ሥር ያለው። የደም ግፊት ክኒን በዱቤ የምትሰጥ ፋርማሲ፣ አምቡላንስ ሲጠፋ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ፣ አራስ የምታጥብ ጎረቤት፣ እነዚህ ሁሉ የጤና ተቋማት ነበሩ። በየትኛው ዲዛይን ላይ ተሳሉ? በየትኛው ካሳ ተቆጠሩ? ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የተረካት ውቤ በረሃ ንጹሕ ሰፈር አልነበረችም፤ ነገር ግን ሰው ሰውን የሚያውቅባት፣ ደራሲ የሚያገኝባት ሰፈር ነበረች። ፏፏቴ ባለበት ኮሪደር ላይ የሚጻፍ ልብ ወለድ ባለታሪኩን ከወዴት ያመጣል?

ሴንት ፖል ይህን ቀድማ አይታዋለች። ሮንዶ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለአይ-94 አውራ ጎዳና ሲባል ተቆርጦ ፈረሰ። ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ክለቡ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2015 የከተማው ከንቲባና የግዛቱ የትራንስፖርት ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይተው። ዉድበሪን ዉድበሪ ያደረገው ያው አይ-94 ነው። የዉድበሪ ነዋሪ ጠዋት ወደ ሥራ ሲነዳ የሚያልፈው በሰው ደጅ ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የካዛንቺስን መፍረስ ከሩቅ ሆኖ ሲያጨበጭብ እጁ ሊከብደው ይገባል።

«አረንጓዴ ስፍራ ጤና እንደሚያመጣ ጥናት አረጋግጧል» የሚለው ክርክር የኮሪደሩም የዉድበሪም ዋና ጋሻ ነው። ጥናቱን ማንበብ ነው። በፊላዴልፊያ 541 ጠፍ መሬቶች ላይ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ከሁሉ ጠንካራው ሊባል ይችላል። ቆሻሻው ተጠረገ፣ ሣር ተዘራ፣ ጥቂት ዛፍ ተተከለ፣ መግቢያ ያለው አጭር የእንጨት አጥር ተሠራ። በዙሪያው ያሉት ነዋሪዎች የሚናገሩት የድብርት ስሜት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በ41.5 በመቶ ቀነሰ። ድንቅ ውጤት ነው፤ ለኮሪደሩ ግን ማስረጃ አይሆንም። ሣሩ የተዘራው በሰዎቹ ደጅ ነው። አንድም ቤት አልፈረሰም፤ አንድም ሰው አልተነሣም። የተለካውም እዚያው የቀሩት ሰዎች ስሜት ነው። ሰውን አንሥቶ ሣር መዝራትና ሰው ባለበት ሣር መዝራት አንድ ሕክምና አይደሉም።

አዲስ አበባ ራሷ ርካሹንና ትክክለኛውን መድኃኒት ታውቀው ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶክተር አሚር አማን የጤና ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ «መንገድ ለሰው» ተጀመረ፤ በወሩ የመጨረሻ እሑድ አንዳንድ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለሰው ተከፈቱ። ልጅ ኳስ ለጋ፣ ወጣት ስኬቲንግ ነዳ፣ ሽማግሌ አስፋልቱ መሀል ቆሞ ሰላምታ ተለዋወጠ። ያስፈለገው ገመድና የትራፊክ ፖሊስ ነው። ማንም አልተነሣም፤ ማክሰኞም መንገዱ እንደነበረ ነበር። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎችም ከመታደሳቸው ከብዙ ዘመን በፊት ገና ሳይነጋ በሚሮጡ ሰዎች ይሞሉ ነበር፤ ከቲኬት ቆራጭ ይልቅ ጠጠር ብቻ ነበር የነበረው። ጃን ሜዳ ለጥምቀት፣ ለገና ጨዋታ፣ ለሩጫ፣ በ2012 ደግሞ በኮሮና ጊዜ ለአትክልት ገበያ ሆኖ አገልግሏል። ሜዳ ሁሉን የሚችለው ለአንድ ነገር ብቻ ስላልተነደፈ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ቡልዶዘር ከመግባቱ በፊት ከቤቱ ጋር እድሩም ይቆጠር፤ የሚነሣ ሰፈር ካለ ከነጎረቤቱ ይነሣ፤ በተነሣበት ቦታ ላይ የሚሠራው መናፈሻ መግቢያ ክፍያ አይጠየቅበት፤ ጀበና ይዛ ለምትቀመጠው ሴትም ከፏፏቴው እኩል ቦታ ይሳልላት። ዉድበሪ ላይ ደግሞ ጥያቄው የሚቀርበው ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የእኛ ሰው ግን አይሄድበትም። በየመንገዱ መደዳ መቀመጫ፣ በየሰፈሩ በእግር የሚደረስ ሞቃት ክፍል፣ በማዕዘን ላይ ትንሽ ሱቅ የሚፈቅድ ደንብ መጠየቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2025 ሥራ የጀመረው ጎልድ ላይን አውቶቡስ ከሴንት ፖል መሀል ከተማ ተነሥቶ ዉድበሪ ይደርሳል፤ 10 ማይል ነው። መኪና ለማይነዱ እናት ይህ ከ100 ማይል የብስክሌት መንገድ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ከቤታቸው እስከ ፌርማታው በረዶው የሚጠረግለት የእግረኛ መንገድ ከሌለ አውቶቡሱ ለእሳቸው በቴሌቪዥን እንደሚታይ ነገር ነው።

ይህ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል። ግን ለቤት ዋጋ፣ ለትምህርት ቤት ደረጃና ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ግዢ በሚልዮን የሚያዋጣ ማኅበረሰብ ለአንድ መቀመጫ ፊርማ ማሰባሰብ አያቅተውም። የዚያ ማኅበረሰብ ወላጆች እያረጁ ነው፤ ብዙዎቹም በጤና መድኅን የተሞላ፣ በሰው ግን የጎደለ እርጅና ይዘዋል። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ መልሶ «ይራመዱ» ይላቸዋል። እናትም መልሰው «ወዴት?» ይላሉ። በዚያን ጊዜ አጠገባቸው ለማስተርጎም የተቀመጠው ልጅ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ ከመተርጎሙ በፊት ለራሱ ቢሰማው ይበጃል፤ የሚመለከተው ከሐኪሙ ይልቅ እርሱን ነውና።